ፊልሙ አልቋል፤ ለ15 ዓመት አሳልፌ ልስጠው ወይስ ራሴ በኦንላይን ላውጣው?

የጓሮ ካሜራ

ቫዮሊንና ሴሎ በእጃቸው ስለሚጠግኑ ባለሙያዎች የሠራሁት የ84 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ከአራት ዓመት ሥራ በኋላ ተጠናቋል። የወጪው ግማሽ ከራሴ ቁጠባ፣ ግማሹ ደግሞ በኦንላይን ከሰበሰብኩት መዋጮ የተሸፈነ ነው። ፊልሙ በሦስት አነስተኛ ፌስቲቫሎች ታይቶ ጥሩ አቀባበል ካገኘ በኋላ አንድ አከፋፋይ ድርጅት የውል ረቂቅ ላከልኝ፤ በመጀመሪያ እጅግ ደስ ቢለኝም ረቂቁን ሳነብ ደስታዬ ገጽ በገጽ እየቀነሰ ሄደ።

ውሉ ለ15 ዓመት፣ በመላው ዓለም፣ አሁን ባለም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም የማሰራጫ ዘዴ ብቸኛ መብት ይጠይቃል። ቅድሚያ ክፍያ የለውም። ገቢ ሲገኝ ድርጅቱ 25 በመቶ ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ቀጥሎም ያወጣሁት ነው የሚለውን ወጪ ሁሉ ያነሣል፤ ከዚያ የተረፈው የእኔ ድርሻ ይሆናል። የወጪው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

በሌላ በኩል ፊልሙን በራሴ ገጽ ላይ ማከራየትና መሸጥ እንደምችል የሚነግሩኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ካሜራ እንጂ ገበያ አላውቅም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ከሁለቱ የትኛው ፊልሙን ወደ ተመልካች ያደርሰዋል ትላላችሁ?

ቆራጭ ቀጣይ

ሁለት ፊልሞች በራሴ አውጥቻለሁ፤ አንዱ ከሰረ፣ አንዱ ወጪውን መለሰ። ስለዚህ የምናገረው ከሁለቱም ወገን ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን በወረቀት ላይ እናስቀምጠው። አንድ ተመልካች ፊልምዎን በትልልቅ የኦንላይን መደብሮች በኩል በ10 ዶላር ገዛ እንበል። መደብሩ በተለመደው አሠራር 30 በመቶ ይወስዳል፤ 7 ዶላር ይቀራል። አከፋፋዩ ከዚህ 25 በመቶ ሲያነሣ 5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይቀራል። ድርጅቱ ለፖስተር፣ ለትሬይለርና ለፊልም ገበያ ጉዞ 20,000 ዶላር አወጣሁ ካለ፣ እርስዎ የመጀመሪያዋን ሳንቲም የሚያዩት ከ3,800 በላይ ሰዎች ከገዙ በኋላ ነው። ጣሪያ ከሌለው ደግሞ ይህ ቁጥር በየዓመቱ ወደፊት ይሸሻል፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

አሁን በራስዎ ገጽ ቢሸጡትስ? እንደ ቪሚዮ ያሉ አገልግሎቶች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፊልም ሠሪው ራሱ ዋጋ ተምኖ እንዲሸጥና ከገቢው 90 በመቶውን እንዲወስድ የሚያስችል አሠራር ዘርግተዋል። የክፍያ ማስተላለፊያው ተጨምሮ ከ10 ዶላሩ አንድ ዶላር ተኩል ቢሄድ 8 ዶላር ከ50 ይቀርልዎታል። አንድ ሺህ ገዢ 8,500 ዶላር ያስገባል። ይህንኑ ገንዘብ በቀረበልዎት ውል ለማግኘት ከ5,400 በላይ ገዢ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ይህን ቢልም በእኔ ላይ የደረሰው ሌላ ነበር። የመጀመሪያ ፊልሜን በስድስት መደብሮች ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። መደርደሪያ ላይ መገኘትና መሸጥ አንድ መስሎኝ ነበር። በሦስት ወር የሸጥሁት 41 ቅጂ ሲሆን፣ ከገዢዎቹም አብዛኞቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ከውሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ፦ ፊልሙ ወጣ ብለው ዛሬ ማታ በቀጥታ ሊጽፉላቸው የሚችሉ ስንት ሰዎች አሉ?

የሽያጭ ሰው

እኔ በአከፋፋይ ወገን ለረጅም ጊዜ የሠራሁ ስለሆንሁ እዚህ የምጽፈው ተወዳጅ እንደማይሆን አውቃለሁ። ያም ሆኖ የጓሮ ካሜራ የአንዱን ወገን ሒሳብ ብቻ አይቶ እንዳይወስን እሰጋለሁ።

ከላይ የቀረበው ስሌት አንድ ሺህ ገዢ ከየት እንደሚመጣ አይነግረንም። በወርኃዊ ክፍያ የሚሠሩት ትልልቅ ፕላትፎርሞች ከግለሰብ ፊልም ሠሪ ጋር አይደራደሩም፤ የሚነጋገሩት በየጊዜው ብዙ ፊልም ከሚያቀርቡላቸው ድርጅቶች ጋር ነው። በሩ ክፍት የነበረባቸውም ቢሆኑ ዘግተውታል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2016 ማንኛውም ሰው ፊልሙን በራሱ እንዲያስገባ ፈቅዶ ነበር፤ በ2021 ግን በዚያ መንገድ ዘጋቢና አጫጭር ፊልሞችን መቀበል አቆመ። በዚያ አንድ በር ላይ ዕቅዳቸውን ሁሉ ያንጠለጠሉ ዘጋቢ ሠሪዎች በአንድ ማስታወቂያ ደጅ ቀሩ። አከፋፋይ ቢኖራቸው ኖሮ ቢያንስ ሌላ በር የሚያንኳኳላቸው ሰው አያጡም ነበር።

15 ዓመትና ጣሪያ የሌለው ወጪ መጥፎ ውል መሆኑን አልክድም። ረቂቅ ግን የድርድር መነሻ ነው። እኛም ስንልክ ሰውየው መልሶ እንደሚጽፍ እያሰብን ነው የምንልከው። ሳይከራከር የሚፈርም ሲገኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚደነቀው ላኪው ነው።

ውል አንባቢ

የሽያጭ ሰው ረቂቅ መነሻ ነው ያሉት ትክክል ነው። እንግዲያውስ ተመልሶ የሚጻፈው ምን እንደሆነ እንነጋገር።

ዋናው ነጥብ መብቱን ቆርሶ መስጠት ነው። ፊልም አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ በሕግ ዓይን ብዙ መብቶች የተጠቀለሉበት ጥቅል ነው፤ የሲኒማ ቤት፣ የቴሌቪዥን፣ የኦንላይን ኪራይና ሽያጭ፣ የወርኃዊ ክፍያ ፕላትፎርም፣ በማስታወቂያ የሚደገፍ ነጻ ዕይታ፣ የትምህርት ቤትና የቤተ መጻሕፍት መብት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሊሸጡ ይችላሉ። ለድርጅቱ ቴሌቪዥኑንና የወርኃዊ ክፍያ ፕላትፎርሙን ሰጥተው፣ ከራስዎ ገጽ በቀጥታ የመሸጥ መብትና ለትምህርት ተቋማት የማቅረብ መብት በእጅዎ እንዲቀሩ ይጠይቁ። ለእንዲህ ያለ ጠባብ ርዕስ የትምህርት ተቋማቱ ገቢ ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል፤ ምክንያቱም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፊልሙን የሚገዛው በግለሰብ ዋጋ ሳይሆን በተቋም ፈቃድ ዋጋ ነው።

የጊዜው ጉዳይ ቀላል ነው፦ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት በቂ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተወሰነ ገቢ ካልተገኘ መብቱ ወደ እርስዎ የሚመለስበት አንቀጽም ይግባ። ወጪው ጣሪያ ይኑረው፤ ከጣሪያው የሚያልፈው በጽሑፍ ሲፈቅዱ ብቻ ይሁን። የሒሳብ መግለጫ በየሩብ ዓመቱ እንዲደርስዎና መዝገቡን በባለሙያ የማስመርመር መብት እንዲኖርዎ ይጻፍ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ የኪሳራ አንቀጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልም ሠሪዎችን ቁርጥ ክፍያ እያስከፈለ ፊልሞቻቸውን ወደ ትልልቅ መደብሮች ያስገባ የነበረ አንድ የታወቀ አገናኝ ድርጅት ሲወድቅ፣ መደብሮቹ የከፈሉት የፊልም ሠሪዎች ገንዘብ በድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ ነበረ። ፊልም ሠሪዎቹ ከአበዳሪዎች ጋር ተሰለፉ። ፊልሞቹም በድርጅቱ ስም የተመዘገቡ ስለነበሩ ከመደብሩ ለማውጣትና በሌላ በኩል ለማስገባት ብዙዎቹ ከዜሮ ጀመሩ። ስለዚህ ገንዘብዎ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥና ድርጅቱ ከከሰረ መብቱ በዚያው ቀን ወደ እርስዎ እንዲመለስ ይጠይቁ። በኪሳራ ጊዜ ይህ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚጸና እንደየአገሩ ሕግ ይለያያልና ከመፈረም በፊት ጠበቃ ያሳዩት።

የጓሮ ካሜራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለቆራጭ ቀጣይ ጥያቄ፣ መዋጮ ያደረጉት ሰዎች 1,140 ናቸው፤ የኢሜይል አድራሻቸውም አለኝ፤ ነገር ግን ላለፉት አሥራ አራት ወራት አንድም ቃል አልጻፍሁላቸውም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ፊልሙ በመዘግየቱ አፍሬ ነው።

ውል አንባቢ ያነሡት የመብት ጉዳይ ደግሞ አንድ ነገር አስታወሰኝና እንቅልፍ ነሣኝ። በፊልሙ ውስጥ ሁለት የቆዩ የቫዮሊን ቅጂዎች ይሰማሉ። ያገኘሁት ፈቃድ ለፌስቲቫል ብቻ ነው። ይህ በኦንላይን ማውጣትን ይከለክላል ማለት ነውን?

ግርጌ ጽሑፍ

አዎ፣ ይከለክላል፤ ይህም ከውሉ ሁሉ የሚቀድም ጉዳይ ነው። በሙዚቃ ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ፦ አንዱ የዜማው ደራሲ፣ ሌላው ቅጂውን የቀረጸው አካል መብት ነው። አንዱን ይዘው ሌላውን ቢያጡ ፊልሙ አይወጣም። ኒና ፔይሊ የተባለችው አሜሪካዊት አኒሜተር እ.ኤ.አ. በ2008 ባጠናቀቀችው “ሲታ ሲንግስ ዘ ብሉዝ” የደረሰባት ይህ ነው። የተጠቀመችባቸው የ1920ዎቹ ቅጂዎች ችግር አልነበረባቸውም፤ ዜማዎቹ ግን ገና በኮፒራይት የተያዙ ስለነበሩ ፊልሙን ለማውጣት ወደ 50,000 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ ተጠየቀች። ስለዚህ ዛሬውኑ ይጻፉላቸው፤ ሲጽፉም “ለኦንላይን” ብለው አይጠይቁ፤ “በማንኛውም የማሰራጫ ዘዴ፣ በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ” ብለው ዋጋ ይጠይቁ። ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ከሚያውቋቸው ቫዮሊን ተጫዋቾች አንዱን አስጠርተው ኮፒራይቱ ያለፈበትን ዜማ አዲስ አድርገው ማስቀረጽ ይቀላል። ደግሞም ፊልሙ ስለ ጠጋኞች አይደለምን? ራሳቸው በጠገኑት ቫዮሊን ቢቀረጽ የበለጠ ያምርበታል።

የፋይሉን ነገር በአጭሩ ልጨምር። የትርጉም ጽሑፍ ሥራዬ ስለሆነ በየሳምንቱ የማየው አንድ ስሕተት አለ። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ምስል ተቀርጾ ትርጉሙ በ23.976 ከተዘጋጀ፣ በ84 ደቂቃ መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ በአምስት ሴኮንድ ይለያል። ተመልካቹ ጥፋቱ የት እንዳለ አያውቅም፤ “ፊልሙ የተበላሸ ነው” ብሎ ገንዘቡን እንዲመለስለት ይጠይቃል። ማስተር ፋይሉን (ሌሎቹ ቅጂዎች የሚወጡበትን ዋናውን ፋይል) ፕሮሬስ በተባለው ከፍተኛ ጥራት ባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት፣ ትርጉሙንም ምስሉ ላይ ሳያትሙ በተለየ ፋይል ያስቀምጡ፤ የትኛውም መደብር ጽሑፍ የታተመበትን ምስል በደስታ አይቀበልም። መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች የሚዘጋጀውንም ጽሑፍ አብረው ያሠሩት፤ በብዙ መደብሮች ዘንድ ግዴታ ነው።

ክፍት በር

ይህን ሁሉ መከራ ከማየት ፊልሙን በነጻ መልቀቅ አይሻልም? ከላይ የተጠቀሰችው ኒና ፔይሊ እኮ በመጨረሻ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፊልሙን ማንም እንዲያወርድ፣ እንዲያባዛና እንዲያሳይ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀችው፤ ገቢዋንም ከስጦታ፣ ከዲቪዲና ከፊልሙ ጋር ከተያያዙ ዕቃዎች አገኘች። ዕውቅና የሰጣት ነጻነቱ ነው። ማንም ያላየው ውድ ፊልም ከብዙ ሰው ያየው ነጻ ፊልም በምን ይሻላል? በማስታወቂያ በሚደገፉት ፕላትፎርሞች ላይ ቢወጣ ደግሞ ተመልካቹ ሳይከፍል እርስዎ ጥቂት ያገኛሉ።

ቆራጭ ቀጣይ

ለክፍት በር ሐሳብ አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። ከነጻ ወደ ክፍያ መመለስ አይቻልም፤ ከክፍያ ወደ ነጻ ግን በማንኛውም ቀን መሄድ ይቻላል። ወርኃዊ ክፍያ የሚያስከፍል ፕላትፎርም በነጻ የሚገኝን ፊልም ለመግዛት ምክንያት የለውም። በማስታወቂያ የሚገኘውም ገቢ ትርጉም የሚኖረው የዕይታው ቁጥር እጅግ ሲበዛ ነው፤ ስለ ቫዮሊን ጠጋኞች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ጥቂት ነገር ግን አጥብቀው የሚወዱት ተመልካቾች ያሉት ነው። ጥቂት ተመልካች ያለው ፊልም በዋጋ፣ ብዙ ተመልካች ያለው ፊልም በብዛት ይኖራል። እንዲህ ባለው ፊልም እኔ ከሽያጭ እጀምራለሁ፤ ከዓመት ተኩል በኋላ፣ የሚገዛው ሁሉ ገዝቶ ሲያበቃ፣ በማስታወቂያ ወደሚደገፈው አሳልፈዋለሁ።

ስለ 1,140ዎቹ ሰዎች ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህን ያህል ሰው ፊልሙ ገና ሳይኖር ገንዘብ የሰጠዎት ከሆነ፣ አከፋፋዩ የሚፈልገው ሀብት አስቀድሞ በእጅዎ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በፌስቲቫል የታየው “ፎር አይድ ሞንስተርስ” የተባለ ፊልም አከፋፋይ ባጣ ጊዜ ሁለቱ ሠሪዎቹ ያደረጉት ይህን ነበር፤ የፊልሙን አሠራር በተከታታይ አጫጭር ቪዲዮዎች እየነገሩ ተመልካቾች የሚኖሩበትን አካባቢ እንዲመዘገቡ ጠየቁ፤ ፍላጎቱ የበረታበትን ከተማ በካርታ እያሳዩ ከሲኒማ ቤቶች ጋር ተደራደሩ፤ በ2007 ደግሞ ሙሉውን ፊልም ዩቲዩብ ላይ አወጡት። በዚያን ጊዜ ይህ ያልተለመደ ነገር ነበር። እርስዎም ይጻፉላቸው፤ ስለ መዘግየቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ይጠይቁና ወደ ጉዳዩ ይግቡ። ከሚያስቡት በላይ ይረዱዎታል።

የመጨረሻው ወንበር

አነስተኛ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም የምመርጥ ሰው ነኝ። እስካሁን ስለ ኦንላይን ሲነገር ሲኒማ ቤት እንደ ተቃራኒ ወይም እንደ ሙታን ተቆጥሯል፤ እኔ ያየሁት ግን የሁለቱን መረዳዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሲኒማ ቤቶች በወረርሽኙ ሲዘጉ ኪኖ ሎርበር የተባለው የአሜሪካ አከፋፋይ ተመልካቹ ቤቱ ሆኖ በመረጠው ሲኒማ ቤት ገጽ በኩል ቲኬት እንዲገዛ አደረገ፤ ገቢውን ከሲኒማ ቤቱ ጋር እኩል ተካፈለ። ሌሎችም ተከተሉት። ብዙዎቹ አዳራሹ ሲከፈት ያንን አሠራር ቢተዉትም፣ ከዚያ የተማርነው አልጠፋም፦ ሰው ለአንድ ሊንክ የሚከፍለው ቀን ሲቆረጥለትና ከፊልሙ በኋላ ከሠሪው ጋር የሚነጋገርበት ሰዓት ሲኖር ነው። “በማንኛውም ጊዜ ማየት ይችላሉ” የሚለው ቃል ለብዙ ሰው “ሌላ ጊዜ አየዋለሁ” ማለት ነው፤ ያ ሌላ ጊዜ ደግሞ አይመጣም።

የቅርቡን ምሳሌ የፈለገ “ሀንድሬድስ ኦቭ ቢቨርስ”ን ይመልከት። በ150,000 ዶላር ገደማ የተሠራ ፊልም ነው። ሠሪዎቹ የቀረቡላቸውን ውሎች ትተው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ፊልሙን ይዘው ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ ከማሳያው ጋርም በአካል ትርኢት ያቀርቡ ነበር። በሚያዝያ በኦንላይን ለሽያጭ ከወጣ በኋላም ሲኒማ ቤቶች ማሳየታቸውን አላቆሙም። ኦንላይን ከወጣ አዳራሹ ባዶ ይሆናል የሚለው የእኛ የሲኒማ ቤት ሰዎች ፍርሃት እዚያ ላይ አልሠራም።

የጓሮ ካሜራ፣ ጠጋኞቹ ባሉበት አካባቢ አምስት ወይም ስድስት ማሳያ ያዘጋጁ። ከጠጋኞቹ አንዱ በአዳራሹ መድረክ ላይ እየሠራ ቢታይ፣ ቲኬቱ የሚሸጠው በእርሱ ነው።

የሽያጭ ሰው

ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው በትንሹ ስድስት ወር ሌላ ፊልም አይሠራም። ከሲኒማ ቤት ጋር መጻጻፍ፣ ትሬይለር መቁረጥ፣ የክፍያ ቅሬታ መመለስ፣ ጋዜጠኛ መጎትጎት፣ እነዚህ ሁሉ ቀን የሚበሉ ሥራዎች ናቸው። እኛ የምንጠይቀው 25 በመቶ የዚህ ድካም ዋጋ ነው። ራሳቸው ሊሠሩት የሚፈልጉ ይሥሩት፤ ያለ ዋጋ የሚሠራ ግን እንዳይመስላቸው።

የጓሮ ካሜራ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ለድርጅቱ ውል አንባቢ የዘረዘሩትን ነጥቦች በአክብሮት ጽፌ ላክሁ። 15 ዓመቱን ወደ 6 ዝቅ አድርገውታል፤ የወጪ ጣሪያም ተቀብለዋል፤ የትምህርት ተቋማቱንም መብት ለቀዋል። ከራሴ ገጽ በቀጥታ መሸጥን ግን “ዋጋችንን ይሰብራል” በሚል አልተቀበሉም። በመጨረሻ የተስማማንበት፣ የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት በገጼ እኔ ብቻ እንድሸጥ፣ ከዚያ በኋላ መደብሮቹንና ቴሌቪዥኑን እነርሱ እንዲይዙና በገጼም እኔ በእነርሱ ዋጋ መሸጤን እንድቀጥል ነው። የኪሳራውን አንቀጽ ለማስገባት ሁለት ጊዜ መመላለስ አስፈልጎ ነበር፤ ጠበቃዬ ካየችው በኋላ ገብቷል።

ለ1,140ዎቹ ሰዎችም ጻፍሁ። ከ200 በላይ መለሱልኝ፤ የተቆጣኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በሚቀጥለው ቀን ቲኬት መቼ እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። ከሁለቱ ቅጂዎች የአንዱ ባለመብት ተመጣጣኝ ዋጋ ሰጥቶኛል፤ ሌላው እስካሁን አልመለሰም፤ ስለዚህ ግርጌ ጽሑፍ እንደመከሩት በፊልሙ ውስጥ ካሉት ጠጋኞች የአንዱ ልጅ በአባቷ በተጠገነው ቫዮሊን አዲስ ቅጂ እየሠራችልን ነው። ቀረጻው ሐሙስ ነው።

ግርጌ ጽሑፍ

መልካም ዜና ነው። አዲሱ ሙዚቃ ሲገባ ትዕይንቱ በጥቂት ምስል እንኳ ቢረዝም ወይም ቢያጥር ከዚያ በኋላ ያለው የትርጉም ጽሑፍ ሁሉ ይዛነፋል፤ ስለዚህ የመጨረሻው የፊልሙ ቅጂ ሳይቆለፍ፣ ማለትም ከእንግዲህ አይቀየርም ሳይባል፣ ትርጉሙን ለማንም አይላኩ። ሲቆለፍ የሴኮንዱን የምስል ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ፤ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይቼ እመልስልዎታለሁ።